ፎቶዎቼ ላይ ስሜን የመጻፍ ሥራ፦ ከጥር እስከ ሐምሌ 2017 የተያዘ ማስታወሻ

ጥር 14

ትናንት ማታ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰህ» የሚል ካርድ በቴሌግራም ላከችልኝ። የካርዱ ፎቶ የእኔ ነው። በ2015 የጥምቀት ዕለት እዚሁ ጎንደር፣ በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ያነሣሁት ነው። ሦስት ልጆች ከግንቡ አጥር ላይ ወደ ውኃው ሲዘሉ መካከለኛው ጉልበቱን አቅፎ አየር ላይ ይታያል። ከታች በስተቀኝ በወርቃማ ቀለም የማላውቀው ገጽ አርማ ተለጥፎበታል። ደውዬ ስነግራት «የሆነ ቦታ ያየሁት መስሎኝ ነበር፤ ያንተ መሆኑ ግን ትዝ አላለኝም» አለች። እንዴት ትዝ ይበላት? ስሜ የትም የለበትም።

ፎቶ ሸጬ አላውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ካሜራ የምይዘው ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በዓል ሲሆን ነው። ስለዚህ የቀረብኝ ገንዘብ የለም። ግን ያን ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ፣ በብርድ እግሬ ደንዝዞ የጠበቅሁት ምስል ላይ የሌላ ሰው ምልክት ማየት እንቅልፍ ነሣኝ።

ፎቶ የሚያነሡ ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ግማሾቹ አማተር ሰው ፎቶው ላይ ዋተርማርክ (የባለቤቱን ስም ወይም አርማ የሚያሳይ ምልክት) ማድረጉ ምስሉን ከማበላሸት በቀር ፋይዳ የለውም ይላሉ። ሌሎቹ ምልክት የሌለው ፎቶ ባለቤት እንደሌለው በግ ነው፣ ያገኘው ሁሉ ይነዳዋል ባዮች ናቸው። እኔ እስከ ትናንት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርኩ። አሁን ራሴ ሠርቼ ልየው።

ያለኝ ዕቃ፦ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ የ500 ጊጋባይትና አንድ የ1 ቴራባይት የውጭ ሃርድ ዲስክ። ለዚህ ሥራ የመደብኩት 5,000 ብር ነው።

ጥር 18

ከዚህ ቀደም በቴሌግራም ቻናሌ፣ በፌስቡክና በቤተሰብ ግሩፕ የለቀቅኋቸውን ፎቶዎች መልቀም ጀመርኩ። በአራት ዓመት ውስጥ 412 ሆነዋል። ምልክት ሳስብ የመጠንን ነገር ፈጽሞ ረስቼው እንደ ነበር የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ካሜራዬ 18 ሜጋፒክስል ነው፤ አንዱ ፎቶ በወርዱ 5184 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይሆናል። ለኅትመት በሚለመደው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲሰላ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፖስተር ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ጥራቱ እንዳይቀንስ» ብዬ ብዙዎቹን በቴሌግራም የላክሁት በፋይል መልክ፣ በሙሉ መጠናቸው ነበር። በተለመደው የፎቶ አላላክ ቢሆን ቴሌግራም ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደው ነበር፤ እሱ በኅትመት 11 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ስለ ቁልፉ ዓይነት እየተጨነቅሁ ነበር።

ዛሬ ያደረግሁት፦ በቻናሉና በግሩፑ ያሉትን ሙሉ መጠን ፋይሎች በሙሉ ሰረዝኩ፤ 137 ነበሩ። ከእንግዲህ የማወጣው ፎቶ ረጅም ጎኑ 1600 ፒክስል እንዲሆን ወሰንኩ። ለስልክና ለኮምፒውተር ስክሪን ይበቃል፤ ለኅትመት ግን ከ14 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ጥር 26

አርማ አሠራሁ። አንድ ግራፊክ ዲዛይነር በ1,200 ብር የፋሲል ግንብ ማማ በካሜራ ሌንስ ክብ ውስጥ ሣለልኝ፤ ከሥሩ ስሜ አለ። በትልቁ ሲታይ ያምራል። ፎቶው ጠርዝ ላይ አሳንሼ ሳስቀምጠው ግን ማማው የቀለም ነጠብጣብ መሰለ፤ ስሙም አይነበብም። ላሳድገው ብል ዓይን ከልጆቹ ይልቅ ቀድሞ አርማው ላይ ያርፋል። ለሦስት ቀን ከመጠኑ ጋር ታግዬ ተውኩት። 1,200 ብሩ ሄደ።

የሚነበብ ስም ብቻ፣ በግዕዝ ፊደል፣ ያለ ሥዕል። በዚህ ልቀጥል።

የካቲት 3

ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አሥር ፎቶዎች ላይ በእጄ ሞከርኩ። ነጭ ጽሑፍ፣ ድምቀቱ 30 በመቶ። በግንቡ ድንጋይ ላይ ጥሩ ነው፤ በጥምቀት ፎቶዎች ላይ ግን ጠፋ። የጥምቀት ፎቶ ነጭ በነጭ ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የካህናት ጥምጥም። ወደ ጥቁር ብለውጠው ደግሞ ነጠላው ላይ ጭቃ የተረጨ መሰለ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ አይታ «ይሄ እድፍ ነው?» ብላ በጣቷ ስክሪኑን ልትጠርግ ሞከረች።

የተሻለው ነጭ ፊደል ሆኖ በዙሪያው ስስ የጥቁር ግራጫ ጥላ ያለው ነው። በነጩም በጥቁሩም ላይ ይነበባል። ድምቀቱን 45 በመቶ፣ የፊደሉን ቁመት ከፎቶው ቁመት 2 በመቶ አደረግሁት። ከዚህ ካነሰ ስልክ ላይ አይታይም።

የካቲት 9

412 ፎቶ በእጅ አይቻልም። ኢሜጅማጂክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ፤ በአንድ ትእዛዝ ፎልደር ሙሉ ፎቶ ያሳንሳል፣ ጽሑፍም ያኖርበታል።

የመጀመሪያው ሙከራ በስሜ ፋንታ አምስት ባዶ ሣጥኖች ጻፈ። ፕሮግራሙ የያዘው ፎንት የግዕዝ ፊደል አያውቅም። ግማሽ ቀን ቅንብሩን ስነካካ ውዬ መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ የአቢሲኒካ ፎንትን ፋይል አውርዶ ያለበትን ቦታ በትእዛዙ ውስጥ ሙሉውን መጻፍ ብቻ ነው። በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ ሰው ይህን ነው ቀድሜ የምነግረው።

ሁለተኛው ችግር ካሜራውን በቁመቱ ይዤ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ናቸው። ስሙ በጎን በኩል ተጋድሞ መጣ። ካሜራው ምስሉን በእርግጥ አያዞረውም፤ «አዙረህ አሳይ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይተዋል። ከመጻፍ በፊት ፎቶውን እንደ ማስታወሻው አቅንቶ የሚያዞር አማራጭ አለ፤ እሱን ሳስቀድም ተስተካከለ።

የካቲት 11

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ማስታወሻው የሚያዘው ለዚሁ ነው።

ኢሜጅማጂክ ውስጥ ሞግሪፋይ የሚባል ትእዛዝ አለ። የውጤት ፎልደር ካልሰጡት አዲስ ቅጂ አይሠራም፤ ያንኑ ዋናውን ፋይል ይለውጠዋል። ይህን አንብቤ ነበር። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሥራውን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ትእዛዙን ያስሮጥኩት በቅጂዎቹ ፎልደር ሳይሆን በ1 ቴራባይቱ ዲስክ፣ የ2015 ጥምቀት ዋናዎቹ ባሉበት ፎልደር ላይ ነው። የፋይሎቹ ስም ሲያልፍ እያየሁ ነበር፤ የፎልደሩን ስም ያየሁት ግን ሲያልቅ ነው።

86 ፎቶዎች ወደ 1600 ፒክስል ወርደው ስሜ ተጽፎባቸዋል። የማነሣው በጄፔግ (በተለመደው የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ብቻ ስለሆነ ሌላ ጥሬ ፋይል የለም። በ500 ጊጋባይቱ ዲስክ 61 ዋናዎች ተገኙ። 25ቱ የሉም፤ ያ ዲስክ ሲሞላ «በትልቁ አሉ» ብዬ ያጠፋኋቸው ናቸው። በቴሌግራም የነበሩትን ሙሉ መጠን ፋይሎች ደግሞ ጥር 18 በገዛ እጄ ሰርዣቸዋለሁ።

የጠፉ ፋይሎችን የሚመልስ ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ አስሮጥኩ። አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ስለ ተጻፈ የመለሰው የተቆራረጠ ነገር ነው፤ አንዱ ፎቶ ላይ ከላይ ግማሹ ሰማይ ሆኖ የቀረው ግራጫ ነው። ተውኩት። የዘላዮቹ ልጆች ፎቶ ከተረፉት ውስጥ ነው። ንጋት ላይ ካህናቱ ውኃውን ከበው ጧፍ ይዘው የቆሙበት ግን ከ25ቱ አንዱ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ዋናዎቹ ያሉበት ዲስክ ምልክት በሚሠራበት ቀን ከላፕቶፑ ጋር አይገናኝም።

የካቲት 25

ሁለት ሳምንት ምንም አልነካሁም። ዛሬ ተመልሼ የተሠራውን ምልክት ራሴ ለማጥፋት ሞከርኩ፤ የሚሰርቅ ሰው የሚያደርገውን ማየት ፈለግሁ።

ጠርዝ ላይ ያለውን ስም በስልኬ ላይ ከታች ትንሽ ቆርጬ አጠፋሁት። ምስሉ የተጎዳ አይመስልም። ቀጥዬ ሳልቆርጥ፣ ነገሮችን ከፎቶ ላይ በሚያጠፋ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ስሙን በጣቴ ሸፈንኩት። ድንጋዩ ላይ የነበረው በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ድንጋዩ እንኳን ስንጥቁን ጠብቆ ተሞላ። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

ከዚያ ትልቅ ስም በሰያፍ መሃል ላይ ያለባቸው አምስት ናሙናዎች ሠራሁ። የተረበሸ ውኃ ላይ ያረፈው በአራተኛው ሙከራ ጠፋ። ሰው ፊት ላይ ያረፈው አልጠፋም፤ መተግበሪያው አፍንጫውን አጣመመው።

በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የጎግል ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ያወጡትን ጥናት አንብቤ ነበር። ነገሩ ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ምልክት፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽና ድምቀት በብዙ መቶ ፎቶዎች ላይ ሲደጋገም፣ ኮምፒውተር ፎቶዎቹን አነጻጽሮ ከሁሉም ላይ የማይለወጠውን ለይቶ ማውጣት ይችላል። የምልክቱ ቅርጽ ካገኘ በኋላ ከእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀንሶ ንጹሑን ይመልሳል። በየፎቶው ቅርጹ ትንሽ ትንሽ ቢጣመም ግን ሥራው ይከብደዋል። እኔ በጅምላ የሠራሁት በትክክል የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ያው ስም፣ ያው ማዕዘን፣ ያው 45 በመቶ።

የሚያጠፋ ሰው ከቆረጠ ያጠፋል። ቢሆንም መሃል ላይ ያለው ቢያንስ ያደክመዋል ብዬ ወደ መሃል ለማዞር ወሰንኩ። ይህ ውሳኔ ለስድስት ሳምንት ቆየ።

ሚያዝያ 8

ሆሣዕና ዕለት በሠፈራችን ድፎ ዳቦ የሚጋግሩትን እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንሥቻቸው ነበር። በግንባራቸው ላይ ዘንባባ አስረዋል፤ ከነጠላቸው ጥለት ሥር ሁለት ዘንባባ ለልጅ ልጆቻቸው ይዘዋል። ዛሬ ፎቶ ቤት አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ያሳተምኩት ቻናሌ ላይ ያወጣሁትን ነው፤ ስሜ ከግራ ትከሻቸው እስከ ቀኝ ክንዳቸው ተጋድሞበታል።

ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ተቀምጠው ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። «ነጠላዬ ላይ ምን ተጽፎ ነው ልጄ?»

«ስሜ ነው እማማ።»

«ያንተ ስም?» ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱ። «እኔ ላይ? የእኔስ ስም የት አለ?»

አልተቆጡም። ፎቶውን ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት፤ ቡናም አፈሉልኝ። እኔ ግን ሦስቱንም ስኒ ስጠጣ የምመልሰው አላገኘሁም። ማታ መሃል ላይ ምልክት ያደረግሁባቸውን 58 ፎቶዎች ከቻናሉ አነሣኋቸው። ለእርሳቸውም ንጹሑን በትልቁ አሳትሜ ነገ እወስዳለሁ፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ 250 ብር።

ሚያዝያ 19

ጠበቃ የሆነውን የሠፈራችንን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። የጠየቅሁት ስለ ሌባ ነበር፤ እርሱ ግን የጀመረው ከእማማ ጥያቄ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ሥር ለሕዝብ በሚያገባ ጉዳይ ወይም በአደባባይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ላይ የተነሣ ምስል በልዩነት ይታለፋል፤ ጥምቀት እዚያ ውስጥ ይገባል። የአንዲት እናት የቅርብ ፎቶ ግን በዓል ስለሆነ ብቻ የእኔ አይሆንም። ሳልጠይቅ ያወጣኋቸው 31 የሰው ፎቶዎች አሉ። ሌላው ሰው ያለ ፈቃዴ ወሰደብኝ እያልኩ እኔ ራሴ ስንቱን ያለ ፈቃዱ እንደ ወሰድኩ አልቆጠርኩም ነበር።

ቀጥሎ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁን አወጣ፤ ቁጥር 410/1996። መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይፈጠራል፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ይህን አውቅ ነበር። የማላውቀው ስለ ፎቶግራፍ ለብቻ የተጻፈውን ነው። በአዋጁ መሠረት የፎቶግራፍ አመንጪ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቅለት ፎቶው የስብስብ አካል ከሆነ፣ ወይም በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም ደግሞ የአመንጪውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው።

ስምና አድራሻ! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ወር ሙሉ ዋተርማርክን እንደ አጥር ቆጥሬ ከፍታውን ስለካ ከረምኩ። ሕጉ የሚፈልገው አጥር አይደለም፤ በር ላይ የሚለጠፍ የቤት ቁጥር ነው። በ1,200 ብር ያሠራሁት አርማ አድራሻ የለውም። እስከ ትናንት የጻፍኩት ስምም ብቻውን ነው።

የጥበቃው ዘመን ለፎቶ ሥራው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ የ2015ቱ ጥምቀት እስከ 2040 ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ ካርዱን ያወጣው ገጽ ባለቤት አሜሪካ እንደሚኖር አጣርታ ነበር። በዚያ አገር የቅጂ መብት ሕግ ደግሞ ፎቶ ላይ ያለን የባለቤት ስም መብት ለመጣስ ብሎ ሆን ብሎ ማጥፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ድርጊት ከ2,500 እስከ 25,000 ዶላር ካሣ ሊወስን ይችላል። የእኔ ፎቶ ላይ ግን ሲጀመር የሚጠፋ ስም አልነበረም። በቀላሉ የሚጠፋ ትንሽ ስም እንኳን ከምንም የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ያጠፋው ሰው «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

ግንቦት 2

አድራሻው ምን ይሁን? ስልክ ቁጥር ልጽፍ ነበር። አብራኝ ፎቶ የምታነሣ ጓደኛዬ ግን አስቆመችኝ። እሷ ቁጥሯን ፎቶዋ ላይ ጽፋ ለወራት እኩለ ሌሊት ላይ ስለ ፎቶ የማይደውሉ ሰዎች ሲያስቸግሯት ቆይተው ቁጥሯን ለመቀየር ተገዳለች። ሴቶች ስልካቸውን ፎቶ ላይ ባይጽፉ እመክራለሁ፤ ወንዱም ቢሆን አንዴ የተሠራጨ ቁጥር አይሰበሰብም።

አባቴ ለ30 ዓመት የተከራየው የፖስታ ሣጥን አለ። አሁን ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከመብራት ቢልና ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ በቀር የሚገባበት የለም። እሱን መረጥኩ። የሚጻፈው እንዲህ ሆነ፦ ስሜ፣ ጎንደር፣ ፖ.ሣ.ቁ. ከነቁጥሩ፣ ቀጥሎ የቴሌግራም ቻናሌ ስም። አንድ መስመር፣ የፊደሉ ቁመት 2 በመቶ።

ግንቦት 10

አቀማመጡን ከጅምላ ወደ እጅ መለስኩት፤ ቢያንስ ለምወዳቸው 40 ፎቶዎች። እያንዳንዱ ላይ ዓይን የማይሄድበትን፣ ነገር ግን ሲቆረጥ ፎቶው የሚጎዳበትን ቦታ እፈልጋለሁ። በዘላዮቹ ልጆች ፎቶ ላይ ስሙን ያሳረፍኩት በግንቡ አጥር ጠርዝ ላይ፣ የትልቁ ዛፍ ሥር ድንጋዩን ከታቀፈበት አጠገብ ነው፤ በድንጋዩ መስመር ልክ በትንሹ አዘንብዬዋለሁ። ያን መስመር የሚቆርጥ ሰው የሁለት ልጆች እግር ይቆርጣል። ፊደሉ ከድንጋዩ ጥላ ጋር ተዋሕዶ የተቀረጸ ይመስላል። እናቴ አይታ ምንም አላለችም፤ ስጠይቃት ነው ያየችው።

ለአንድ ፎቶ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሁለት ማታ ጨረስኩ። ለቀሩት የጅምላው ይበቃል፤ ዋናው ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት።

ሰው የቅርብ ሆኖ የሚታይባቸውን 31 ፎቶዎች አንድ በአንድ ለባለቤቶቹ አሳየሁ። 19ኙ ፈቀዱ፤ 4ቱ እንዳላወጣ ጠየቁኝ፤ 8ቱን አላገኘኋቸውም፣ የእነርሱን አላወጣም። ስማቸው እንዲጻፍ የፈለጉትን ከፎቶው ሥር ባለው መግለጫ ከእኔ ስም በፊት እጽፋለሁ። እማማ ስማቸውን ከነክርስትና ስማቸው ነው ያስጻፉኝ።

ግንቦት 21

ስሙን ፋይሉ ውስጥም ማስገባት ያስፈልጋል። ኤግዚፍቱል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የአንሺውን ስም፣ አድራሻውንና የመብት መግለጫውን በየፋይሉ ሜታዳታ (ከምስሉ ጋር ተደብቆ በሚቀመጠው መረጃ) ውስጥ ይጽፋል። ጎግል ከ2018 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ የምስል ፍለጋ ላይ ይህን መረጃ ካገኘ የአንሺውን ስም ያሳያል።

ሙከራ፦ አንዱን ፎቶ ለራሴ በቴሌግራም በፎቶ መልክ ላክሁ፤ መረጃው ሁሉ ጠፍቶ ደረሰ። በፋይል መልክ ስልከው አልተነካም። በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ስልከው ጠፋ። እኛ አገር ፎቶ የሚዘዋወረው በእነዚህ በሁለቱ ስለሆነ ውስጣዊው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በዓይን የሚታየው መስመር መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ያልፈለግሁት ነገር አገኘሁ። በስልኬ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ውስጥ 23ቱ የተነሡበትን ቦታ ትክክለኛ መገኛ በቁጥር ይዘዋል። አብዛኞቹ ቤታችን ግቢ ናቸው። አንዱ ግን በአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ያነሣሁት ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ለሚሰርቅ ሰው ካርታ ሰጥቼ ነበር። የሁሉንም የቦታ መረጃ አጠፋሁ፤ የስልኩን ካሜራ ቅንብርም ዘጋሁት። ይህን የማታውቁ ሰዎች ዛሬውኑ ስልካችሁን እዩ።

ሰኔ 14

ፎቶዬን ያለ ስሜ ለለጠፉ 9 ገጾች ጻፍኩ። ስድብም ማስፈራሪያም የለበትም፤ አዲሱን ስምና አድራሻ ያለበትን ቅጂ አያይዤ «በዚህ ቢቀየርልኝ አመሰግናለሁ» ብቻ። 5ቱ መለሱ። 3ቱ ቀየሩት፣ አንዱ አነሣው፣ አንዱ ይቅርታ ጠይቆ ከማን እንዳገኘው ነገረኝ። እርሱም ከሌላ ነው ያገኘው። ያ ባለ ወርቃማ አርማ ገጽ ዝም ብሏል፤ ገጹ ላለበት ማኅበራዊ መድረክ የመብት ጥሰት ቅጽ ሞልቼ ከአምስት ቀን በኋላ ካርዱ ተነሣ።

እስካሁን የወጣ ገንዘብ፦ አርማ 1,200፣ ኅትመት 640፣ የኢንተርኔት ጥቅል 900። በድምሩ 2,740 ብር።

ሐምሌ 7

ፖስታ ሣጥኑ ውስጥ ደብዳቤ ነበር። አባቴ ነው ያመጣው፤ ፖስታውን ሳይከፍት እንደ ያዘ ሁለት ጊዜ አሸተተው። አዲስ አበባ ያለ ማተሚያ ቤት የ2018 የግድግዳ ካሌንደር እያዘጋጀ ነው። ከቻናሌ የተጋራ አንድ ፎቶ ላይ አድራሻዬን አንብበው ነው የጻፉት። ለጥር ገጽ ይፈልጉታል፤ 4,000 ብር ይከፍላሉ፤ ስሜንም ከገጹ ሥር ያትማሉ። መጠኑ ኤ3 ስለሆነ ወርዱ ቢያንስ 4961 ፒክስል እንዲሆን ጠይቀዋል።

የሚፈልጉት ፎቶ ካህናቱ በንጋት ጧፍ ይዘው ውኃውን የከበቡበት ነው። እኔ ጋ ያለው 1600 ፒክስል፣ ስሜ ከታች የተጻፈበት።

ፎቶን በኮምፒውተር የሚያሳድግ ፕሮግራም ሞከርኩ። የካህናቱን ፊት አለሰለሰው፤ የአንዱን ጢም ወደ ጥላ ቀየረው። ይህን አልልክም።

ሐምሌ 10

በቤተሰብ ግሩፑ ውስጥ ጠየቅሁ፦ በ2015 ጥር የላክሁላችሁን ፎቶዎች በፋይል መልክ ያስቀመጠ ሰው አለ? አጎቴ ስልኩን ቀይሯል። እኅቴ ቦታ ሲሞላባት ደምስሳለች።

ማታ 5 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው፣ የአጎቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። የሥራ ላፕቶፗ ላይ ያለው ቴሌግራም የመጣለትን ፋይል ሁሉ ራሱ እያወረደ ሲያከማች ኖሯል። ፎልደሩን ከፍታ ስክሪኗን በቪዲዮ እያሳየችኝ አንድ በአንድ ወረድን። የሠርግ ቪዲዮ፣ የሐዘን መልእክት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጤፍ ዋጋ ዝርዝር፣ ከዚያ ጥር 2015። «ይሄ ነው?» «አይደለም፣ ቀጥይ።» «ይሄስ?» ጧፎቹ ታዩ።

5184 በ3456። ያለ ስም፣ ያለ ምልክት፣ እንዳነሣሁት። ከ25ቱ 7ቱ እሷ ጋ አሉ።

ሐምሌ 16

ፎቶውን ለማተሚያ ቤቱ በፋይል ላክሁ፤ ስሜንና የፖስታ ሣጥኑን ቁጥር በሜታዳታው ውስጥ አስገብቼ። 4,000 ብሩ በባንክ ገባ። በዚያው ቀን 1 ቴራባይት አዲስ ዲስክ በ7,800 ብር ገዛሁ፤ የጎደለውን ከደመወዝ ጨመርኩ። የዋናዎቹ ሦስተኛ ቅጂ ሆኖ ወላጆቼ ቤት ይቀመጣል።

የቀሩት 18 ዝርዝር ከነትንንሽ ምስላቸው በአንድ ገጽ ተዘጋጅቶ ለዘመድ ሁሉ ተልኳል። ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ አሮጌ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ነው።